ለሠርጉ እንሶስላና ሂና አስባችኋል? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ጥር ሲገባ ባሕር ዳር ሠርግ በሠርግ ይሆናል። ጥምቀቱም አለ። እጅና እግር ማሳመሩም አብሮ ይመጣል። ለእህቶቼና ለጎረቤቶቼ እንሶስላ ስወቅጥ፣ ሂና ስስል ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ እና ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ።

ትልቁ «ጥቁር ሂና» የሚባለው ነው። እህቶቼ፣ ቅጠሉ ጥቁር ቀለም የለውም! በሂና ቅጠል ውስጥ ያለው ቀለም ሎሶን ይባላል፤ መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። በግማሽ ሰዓት ኩል መስሎ ከጠቆረ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። የአክስቴ ልጅ ከሠርጓ ሦስት ቀን በፊት ይሄንን ተቀባች። በማግስቱ አሳከካት፤ በሠርጓ ዕለት የተሣለው ሐረግ መስመር በመስመሩ ውኃ ቋጥሮ ተነሣ። ቀለበት ያጠለቀችው እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። ጠባሳው ዛሬም የሐረጉን ቅርጽ እንደያዘ አለ። የከፋው ደግሞ ሰውነት አንዴ ፒፒዲን ከተቆጣ በኋላ ቁጣው ስለማይለቅ ብዙውን የፀጉር ቀለም እንኳ መቀባት አትችልም። ስለዚህ ቀቢዋን «ምን ምን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልነገረቻችሁ ይሉኝታ ሳይዛችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ከሸተታችሁም እንደዚያው።

ሌላው ቀን አለማስላት ነው። ሠርጉ እሑድ ሆኖ ቅዳሜ ማታ የሚቀቡ አሉ። ሂና ገና ሲነሣ የካሮት መልክ ነው ያለው፤ ደምቆ የሚያምረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እና ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ጠዋት ተቀቡ።

ችኮላም አለ። ሂና ቢያንስ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት እጅ ላይ መቆየት አለበት፤ እንሶስላ ደግሞ ሌሊቱን ነው የሚታደርበት። ሥሩን አጥባችሁ፣ በሙቀጫ ወቅጣችሁ፣ መዳፍና ጣት ላይ ለጥፋችሁ በጉሎ ቅጠል ወይም በጨርቅ ትጠቀልሉታላችሁ። ልጅ ሆኜ እንሶስላ ስሞቅ ሁለቱም እጄ ስለሚታሰር እራቴን የምታጎርሰኝ እናቴ ነበረች። ዛሬ ዛሬ ግን ስልክ ለመነካካት ብለው በሁለት ሰዓት ይፈቱትና «አልያዘልኝም» ይላሉ። ሂናውም ሲነሣ ተፍቆ ይራገፋል እንጂ በውኃ አይታጠብም፤ ለ12 ሰዓት ያህል ውኃ ባይነካው ነው የሚመረጠው። ጣና ዳር ፎቶ ልትነሡ ስትወርዱ እጃችሁን ሐይቁ ውስጥ አትንከሩ!

በእንሶስላ ረቂቅ ሥዕል ለመሣልም አትድከሙ። ሥሩ ቢወቀጥም ቃጫው አይጠፋም። እንሶስላ መዳፍን፣ ጥፍርን፣ ተረከዝን ሞልቶ ለማቅላት ነው። ሐረግ ከፈለጋችሁ በሻሽ የተነፋ የሂና ዱቄት በሎሚ ጭማቂና በትንሽ ስኳር አቡክታችሁ አሳድሩት። እዚያም ላይ ልብ በሉ፤ መዳፍ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ይደምቃል፣ ክንድ ላይ ግን ያው ሂና ፈዘዝ ይላል። ይሄ የቀቢዋ ጥፋት አይደለም።

ከመቀባታችሁ በፊት ቅባትና ቫዝሊን ተዉ፣ በሳሙና ታጠቡ። ቫዝሊኑ ከደመቀ በኋላ ነው፤ ያኔ እንዲያውም ቀለሙን ይጠብቃል። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ያረጀ ዱቄትም አትግዙ።

ለሕፃናት ግን እባካችሁ፣ እባካችሁ አትቀቡ። ጂሲክስፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፤ ሂና ቀይ የደም ሴላቸውን ሊሰባብርባቸው ይችላል። እጥረቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ «እጃቸው ይመርላቸው» ብላ ሂና ይዛ የምትመጣ ዘመድ አትጠፋም። ቀስ ብላችሁ መልሷት። ነጩ ልብስ ለክርስትናው ይበቃል።