በእርግዝና ጊዜ ስለ ሰውነት መከላከያ የሚሠሩ ስህተቶች

"እርጉዝ ስትሆኚ በሽታ የመከላከል አቅምሽ ይወድቃል" ይባላል። ብዙው ስህተት የሚጀምረው ከዚህ አባባል ነው። ፅንሱ የዘረመሉን ግማሽ የሚያገኘው ከአባቱ ስለሆነ ለእናቱ ሰውነት በከፊል ባዕድ ነው። የሰውነት መከላከያን ያጠናው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1953 ታዲያ ለምን እንደማይጠቃ ጠይቆ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም መልሱ የእናትየዋ መከላከያ መዳከሙ ነው ተብሎ ታሰበ። ግን ሰውነትሽ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በማህፀን ሽፋን ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሴሎች 70 በመቶ ያህሉ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች የሚባሉት ናቸው፤ እነሱም ፅንሱን ከማጥቃት ይልቅ የማህፀን ደም ስሮች ሰፍተው ለእንግዴ ልጁ በቂ ደም እንዲያደርሱ ያግዛሉ፣ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ደግሞ ፅንሱ ላይ ሊነሳ የሚችለውን ጥቃት ያበርዳሉ። መከላከያሽ ሥራ ቀየረ እንጂ አልተኛም።

ይህ ማለት ግን ትኩሳትን መናቅ አይደለም። ኢንፍሉዌንዛ፣ ወባና ሄፓታይተስ ኢ እርጉዝ ሴት ላይ ይከብዳሉ፤ ሳንባና ልብም በዚህ ጊዜ ጫና ላይ ናቸው። "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" ብለሽ አትደሪ፣ በዚያው ቀን ታዪ።

ክትባት መፍራት ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ፀረ እንግዳ አካላትሽ፣ ማለትም ተህዋስን የሚዋጉት የደምሽ ፕሮቲኖች፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጅሽ ያልፋሉ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። እንደ አሜሪካ ያሉ አገሮች የትክትክ ክትባትን ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት የሚመክሩት ለዚህ ነው፤ ልጁ የራሱን ክትባት እስኪጀምር ድረስ የሚጠብቀው ከአንቺ የወሰደው ነው። እንደ ኩፍኝ ያሉ በተዳከመ ሕያው ተህዋስ የሚሠሩት ግን በእርግዝና አይሰጡም።

"አቅም ይጨምራል" የተባለ እንክብል ሁሉ አይዋጥም። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል።

መከላከያው የራስን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች በእርግዝና ይሻላቸዋል፣ ከዚያ ዳንኩ ብለው መድኃኒቱን በራሳቸው ያቆማሉ። ከወሊድ በኋላ ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይነሳል። መከላከያው የራስን ሰውነት የሚያጠቃበት ሌላው በሽታ፣ ሉፐስ፣ ደግሞ ጨርሶ ላይረግብ ይችላል። እንደ ሜቶትሬክሴት ያለው መድኃኒት ገና ከማርገዝ በፊት መቆም አለበት፤ ሌላው ግን ሊቀጥል ይችላል፣ ስለዚህ ከሐኪምሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትወስኚ።

የመጨረሻው ሾተላይን መርሳት ነው። ደምሽ ኔጌቲቭ ከሆነና የልጅሽ ፖዘቲቭ ከሆነ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፣ ያኔ ግን ሰውነትሽ ፀረ እንግዳ አካል ሊሠራና ቀጣዩን ልጅ ሊያጠቃ ይችላል። የአንቲ ዲ መርፌ ይህን ይከላከላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ28ኛው ሳምንት አካባቢና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ውርጃ ካጋጠመሽም ስለ መርፌው ወዲያው ጠይቂ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ አንዴ ከተሠራ በኋላ አይጠቅምምና።