ሞተር ሳይክሌን ከግድግዳ ያስጠጋሁበት ዘዴ

ጋራዤ ጠባብ ነው። መኪናው ሲገባ 210 ኪሎ የሚመዝነውን ሞተር ወደ ጎን መግፋት የማይታሰብ ነበር። መጀመሪያ የሞከርኩት በመኪና ክሪክ ነው። አናቱ ጠባብ ስለሆነ ጎማው ከመሬት እንደለቀቀ ሞተሩ ወደ ግራ ዘመመ፤ ደግነቱ መሪውን አልለቀቅኩም ነበር።

ከዚያ ሜትር ይዤ ተንበረከክሁ። ከመሬት እስከ ሻንሲው (የሞተሩ የብረት አጽም) 13 ሳንቲ ሜትር ነው። ክሪክ ስትመርጡ ከአቅሙ እኩል ዝቅተኛ ቁመቱን እዩ፤ ካልገባ ምንም አያነሳም። የገዛሁት ዝቅተኛ ቁመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጎማ የለበሱ ሁለት ሰፋፊ ክንዶች አሉት። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ከሻንሲው በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ክብደቱ እሱ ላይ እንዳያርፍ ክንዶቹ ላይ ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ደረብኩ። ካነሳሁ በኋላ ሞተሩን በጠፍር አስራለሁ፣ የብረት መቆለፊያውንም አስገባለሁ። የዘይት ክሪክ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) ካለቀ ቀስ እያለ ስለሚወርድ በግፊቱ ብቻ አልተማመንም።

ክሪኩ ለጥገና ብቻ ነው፤ ሞተር ተሸክሞ ሲገፋ ይወላገዳል። ለማንቀሳቀስ ሁለቱም ጎማዎች የሚያርፉበት፣ ለጎን ማቆሚያው ሰፊ ብረት ያለው ባለ ጎማ ጋሪ ያዝኩ። የጋሪው ጎማዎች ትልልቅ ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸውም ይቆለፉ። ትንንሾቹን አንዲት ጠጠር ቀጥ ታደርጋቸዋለች፤ ስለዚህ ከመግፋቴ በፊት ወለሉን እጠርጋለሁ።