መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ዴስክቶፕ

ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። ሲነሳ ኤፍ 1 ተጫን ይላል፤ ክሮምም የደኅንነት ስህተት እያሳየ ጂሜይልን እንኳ አይከፍትም።

ክሮምን አጥፍቶ እንደገና መጫን አልረዳም። ፎርማት ማድረግም እንዲሁ፤ ሁለት ቀን የበላው እሱ ነው። ሰዓቱን በእጅ ማስተካከል የሚያገለግለው መብራት እስኪጠፋ ብቻ ነበር።

ችግሩ ማዘርቦርዱ (ዋናው የኮምፒውተሩ ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ነበረች፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ እንዳይቆም የምታደርገው እሷ ናት። አዲሷ 3 ቮልት ትሰጣለች፤ የወጣችው በመልቲሜትር 1.9 ብቻ አሳየች። ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ፣ ከዚያ ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ብረት በጥፍር ገፋ አድርጉ፤ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ሲአር 2025 ቀጭን ስለሆነች ንክኪዋ ይላላል፤ አትግዟት።

ከዚህ በኋላ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቢቆም አትደንግጡ፣ ዲስኩ አልተበላሸም። ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም፣ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ስለተመለሰ ነው። ኤኤችሲአይ እና አይዲኢ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ዊንዶውሱ የተጫነው በኤኤችሲአይ ከነበረ፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የሳታ ሞድ የሚባለውን ይህንን ቅንብር ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ መልሱ፣ ሰዓቱን አስተካክሉና ሴቭ አድርጉ፤ በአብዛኛው ኤፍ 10 ነው።