ኦንላይን ፖከር ላይ ከተበላችሁ በኋላ ስህተታችሁን እንዴት ትለያላችሁ

አካውንቱ ዜሮ ሲል የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ባንክ ካርዱ ነው። «ትንሽ ላስገባና የተበላሁትን ላስመልስ።» ሰው ክፉኛ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ዙር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም።

1. መጀመሪያ በሩን ዝጉ

አፑን ከስልካችሁ አጥፉ። የካርድ ቁጥራችሁ ሳይቱ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ሰርዙት። ፈቃድ ያላቸው ሳይቶች አብዛኞቹ ገንዘብ የማስገቢያ ገደብና ለተወሰነ ጊዜ አካውንት የመዝጊያ አማራጭ አላቸው። ቢያንስ ለአንድ ወር ዝጉት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ውሃው በየት በኩል እንደፈሰሰ ማወቅ ግን ይቻላል።

እዚሁ ላይ አንድ ጥያቄ መልሱ። ብሩ የምን ብር ነበር? የቤት ኪራይ ወይም የእቁብ ከነበረ፣ አገር ቤት ለእናት የሚላክ ከነበረ፣ ተበድራችሁት ወይም ከትዳር ጓደኛ ደብቃችሁት ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር ለእናንተ አይደለም። ያንን ችግር ፖከር በመማር አትፈቱትም። ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ራሳችሁንም አሳግዱ። እንግሊዝ የምትኖሩ ጋምስቶፕ ላይ በነጻ ብትመዘገቡ፣ እዚያ ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ቁማር ድርጅቶች ለ6 ወር፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ5 ዓመት ይዘጉባችኋል። አሜሪካም ብዙ ግዛቶች የየራሳቸው የማገጃ መዝገብ አላቸው። ጋምብለርስ አኖኒመስ የሚያዘጋጃቸው የመረዳጃ ስብሰባዎች ደግሞ በብዙ ከተሞች አሉ፣ ክፍያ የላቸውም።

2. የተጫወታችሁትን እጅ ሁሉ አውጡ

ኦንላይን ፖከር ካፌ ውስጥ ከሚጫወቱት ካርታ የሚለይበት አንድ ደህና ነገር አለው፤ ሁሉም ነገር ይመዘገባል። ብዙ ሳይቶች ሃንድ ሂስትሪ የሚባለውን የእያንዳንዱን እጅ (ካርታ ታድሎ አሸናፊው እስኪለይ ያለውን አንድ ዙር) መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣሉ፣ ወይም ስትጠይቁ ይሰጣሉ። ፖከር ትራከር እና ሆልደም ማኔጀር የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህን መዝገብ አንብበው በቀን፣ በሰዓትና በካርታ ለይተው ያሳያሉ። ፕሮግራሙን መግዛት ካልፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

ሁሉንም እጅ ማየት አያስፈልግም። በጣም ብዙ ብር ያጣችሁባቸውን 20 ወይም 30 እጆች ምረጡ። ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን እዩ። እንደኔ ግምት አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል። «ቀስ በቀስ አለቀ» ያለው ብር በሁለት ወይም በሦስት ሌሊት የሄደ ሆኖ ያገኘዋል።

3. ውጤቱን ሸፍናችሁ ፍረዱ

ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ማን እንደበላ ሳታዩ፣ ውሳኔውን በወሰናችሁባት ደቂቃ በእጃችሁ በነበረው መረጃ ብቻ መዝኑት። ከጎኑ ከሦስት ቃላት አንዱን ጻፉ፤ ዕድል፣ ጨዋታ፣ ወይም ንዴት።

ዕድል ማለት ይሄ ነው። ሁለት አስ ይዛችሁ ፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) ሳይወጣ ሁሉንም ቺፕ አስገባችሁ፣ ተጋጣሚያችሁ ሁለት ኪንግ ይዞ ተከተለ። የማሸነፍ ዕድላችሁ 82 በመቶ ገደማ ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ጊዜ አንዴ ግን ትበላላችሁ። የሚታረም ነገር የለውም፣ እለፉት።

ሁለተኛውን ለማየት ይህን እጅ ውሰዱ። ተርን ላይ ናችሁ (አራተኛው የጋራ ካርታ ወጥቷል፣ የቀረው አንድ ነው)፣ ፍሉሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) ለመሙላት አንድ ካርታ ቀርቷችኋል። መሃል ላይ 60 ዶላር አለ፣ ተጋጣሚው ሌላ 60 ጨመረ። 120 ዶላር ለመብላት 60 ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ይህ እንዲያዋጣ ከሦስት አንዴ ማሸነፍ አለባችሁ። ፍሉሹን የሚሞሉላችሁ ካርታዎች ግን ካልታዩት 46 ውስጥ 9 ብቻ ናቸው፣ 20 በመቶ ገደማ። ፍሉሹ ሲመጣ ተጋጣሚው ሌላ ብዙ ብር እንደሚከፍላችሁ በቂ ምክንያት ከሌላችሁ መጣል ነበረባችሁ። ካርታው መጥቶ በልታችሁ ቢሆንም እንኳ ስህተት ነው። እንዲህ ያለው የበላችሁበት ስህተት የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አይመረምረውም። ስለዚህ ትልልቅ ድሎቻችሁንም ጥቂቶቹን አውጥታችሁ በዚሁ ዓይን እዩአቸው።

ንዴት ተጫዋቾች ቲልት የሚሉት ነው። ለማወቅ አያስቸግርም። ከተበላችሁ በኋላ የነበሩትን 30 ደቂቃዎች ተመልከቱ። የምትጫወቷቸው እጆች በዝተዋል? ከፍ ወዳለ ጠረጴዛ ዘላችኋል? ሁለተኛ ጠረጴዛ ከፍታችኋል? አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያሉትን እጆች ሁሉ «ንዴት» በሏቸው። አንድ በአንድ መተንተናቸው ጊዜ ማባከን ነው።

4. «ዕድሌ ጠመመ» ከማለታችሁ በፊት አስሉ

ለራሳችሁም ግን ፍትሐዊ ሁኑ። በ100 እጅ በአማካይ 5 ቢግ ብላይንድ (ካርታ ሳይታደል በግዴታ ከሚቀመጡት ሁለት ውርርዶች፣ ከብላይንዶቹ፣ ትልቁ) የሚያተርፍ ጎበዝ ተጫዋች እንውሰድ። የኖ ሊሚት ሆልደም (የውርርድ ጣሪያ የሌለው የተለመደው የፖከር ዓይነት) ውጤት በ100 እጅ ወደ 90 ቢግ ብላይንድ ይዋዥቃል ብለን ብናሰላ፣ ይህ ሰው 10,000 እጅ ተጫውቶም ከስሮ የመገኘት ዕድሉ 30 በመቶ ገደማ ነው። በሰዓት 70 እጅ በሚጫወትበት አንድ ጠረጴዛ ላይ 10,000 እጅ ከ140 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በአንድ ሳምንት ውጤት ጎበዝ ነኝ ማለትም ሆነ አልችልም ማለት አይቻልም።

ሳይቱ በየእጁ መሃል ከሚከማቸው ብር የሚወስደውን ሬክም አትርሱ። በትንንሽ ጠረጴዛዎች ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ከተጋጣሚዎቻችሁ እኩል መሆን አያዋጣም፣ እኩል የሆነ ሰው በሬክ ያልቃል።

5. የጠረጴዛውን ዋጋ ከያዛችሁት ብር ጋር አስተያዩ

እንደኔ እምነት ሰው ሙሉ ባንክሮሉን (ለጨዋታ የመደበውን ብር) የሚያጣበት ዋናው ምክንያት እዚህ ነው። መጥፎ ጨዋታ ቀስ እያለ ይበላል። በአንድ ሌሊት ባዶ የሚያስቀረው ከአቅም በላይ የሆነ ጠረጴዛ ነው።

200 ዶላር ያለው ሰው ብላይንዱ 50 ሳንቲምና 1 ዶላር የሆነ ጠረጴዛ ላይ በ100 ዶላር ቢቀመጥ ሁለት ጊዜ ብቻ መበላት ይችላል። ሁለት አስ በሁለት ኪንግ ሁለቴ በተከታታይ የመበላቱ ዕድል 3 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ብዙ ለሚጫወት ሰው ግን መድረሱ አይቀርም። በዚያው 200 ዶላር ብላይንዱ 5 እና 10 ሳንቲም ወደሆነው ቢወርድ መግቢያው 10 ዶላር ነው፣ 20 ጊዜ ይችላል። ለካሽ ጌም (በፈለጋችሁ ሰዓት ብራችሁን ይዛችሁ የምትነሱበት ጨዋታ) ከ20 እስከ 30 መግቢያ መያዝ የተለመደ ነው። ለቶርናመንት (ለውድድር) 100 እና ከዚያ በላይ ይመከራል፣ አብዛኛው ተወዳዳሪ ምንም ሳያገኝ ይወጣልና።

በ2000 የፖከር የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ክሪስ ፈርጉሰን በ2006 አንድ ሙከራ ጀመረ፤ ከባዶ ተነስቶ፣ መግቢያ በሌላቸው ውድድሮች ጀምሮ 10,000 ዶላር መድረስ። ካሽ ጌም ላይ ካለው ገንዘብ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ አይቀመጥም፣ ብዙ ጠረጴዛ ባለው ቶርናመንት ላይ ከ2 በመቶ በላይ አያወጣም ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶ ደረሰ። የዓለም ሻምፒዮን ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ እኛ ምን ያሳፍረናል?

6. ከተመለሳችሁ እንዲህ ተመለሱ

መመለስ ግዴታ አይደለም። ደብተሩ ላይ «ንዴት» የሚለው ከበዛ ቁጭ ብላችሁ አስቡበት።

የምትመለሱ ከሆነ ቢጠፋ ኑሯችሁን የማይነካ ብር ያዙ፣ ከነበራችሁበት ሁለት ደረጃ ዝቅ በሉ። ካገኛችኋቸው ስህተቶች አንዱን ብቻ ምረጡና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስክሪኑ አጠገብ ለጥፉ። «ሪቨር (የመጨረሻው የጋራ ካርታ) ላይ ለትልቅ ውርርድ በአንድ ጥንድ አልከፍልም» የመሰለ አጭር ነገር። እሱ እስኪታረም ሌላውን አትንኩ። ሁለት መግቢያ ከተበላችሁ ለዚያ ቀን ይብቃ። የማቆሚያ ሰዓትም ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። ደክሟችሁ እያለ የምትወስኑት ሰዓት ሁልጊዜ «አንድ ዙር ብቻ» ይሆናል።

የት እንደምትጫወቱም ተመልከቱ። በብዙ የገልፍ አገራት ቁማር በሕግ ያስቀጣል። በኤጀንት በኩል ቺፕ የሚሸጡ የክለብ አፖች ላይ ደግሞ ገንዘባችሁ ያለው በአንድ ሰው ቃል ላይ ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ዋስትና አይደሉም። ፈርጉሰን ሙከራውን ያደረገበትና ራሱም ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበት ፉል ቲልት፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት በትልልቅ የፖከር ሳይቶች ላይ ክስ ሲመሠርት ተጫዋቾቹን መክፈል አቃተው። አሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው። ስለዚህ አዲስ ሳይት ላይ መጀመሪያ ትንሽ ብር አስገቡ፣ ሳትዘገዩም መልሳችሁ ለማውጣት ሞክሩ። ማውጣቱ ካስቸገረ ሌላ አታስገቡ።