ውሃ የሚወደውን ፎርጌት ሚ ኖት በግቢ ውስጥ እንዴት እናሳድግ?

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ግቢ ያለው ሰው አንድ የማይደርቅ ጥግ አያጣም። የቧንቧው ስር፣ ወይም ሮቶው ሲሞላ የሚያፈስበት ቦታ። ብዙዎቻችን ጠጠር እንደፋበታለን። ፎርጌት ሚ ኖት የተባለው ትንሽ ሰማያዊ አበባ የሚስማማው ግን እዚያው ነው።

መጀመሪያ የዘሩን ፓኬት አንብቡ። በብዛት የሚሸጠው ሲልቫቲካ የሚባለው ነው፤ እሱ ውሃ የተኛበት አፈር አይሆነውም። የምትፈልጉት ማዮሶቲስ ስኮርፒዮይዲስን ነው። አንዳንዱ ፓኬት ላይ ፓሉስትሪስ ተብሎ ይጻፋል። ይሄኛው ሥሩ ጭቃ ውስጥ ቢከርም ግድ የለውም።

ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ዝሩ፤ ክረምቱ ሲገባ ችግኙ ይደርሳል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ለሁለት ቁረጡና የታችኛውን ክፍል ቂጡን ብሱት። የተነፋ አፈርና ብስባሽ ሙሉበት። ዘሩ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ ከጤፍ ትንሽ ይተልቃል። በትኑት፣ በስሱ አፈር ነስንሱበት። ከላይ ውሃ ብታፈሱበት ይታጠባል፤ ስለዚህ ውሃ ያለው ሳህን ላይ አስቀምጡት፣ ከታች ይጠጣ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል።

ችግኙ ጠንከር ሲል በአንድ ስንዝር ርቀት ትከሉት። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፤ የከሰዓቱ ያጠወልገዋል።

ክረምት ላይ ሥራ የለባችሁም፣ ቀንድ አውጣ ከመልቀም በቀር። ፈተናው ከጥቅምት በኋላ ነው። ዋልካ አፈር ውሃ መያዙ ጥሩ ነው፤ ሲደርቅ ግን ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። ብስባሽ ቀላቅሉበት፣ ላዩን ገለባ አልብሱት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ያረጀ ሳፋ እስከ አፉ ቅበሩና አፈር ሞልታችሁ እዚያ ውስጥ ትከሉት። ሳፋው ቀዳዳ አይኑረው። ውሃው ከአፈሩ በላይ ከቆመ ግን ትንኝ ይፈለፈልበታል። አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ ድፉበት፤ ሳሙናና በረኪና የነካውን ተዉት።

እንቡጡ ተጠቅልሎ፣ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ሲፈታ ሰማያዊ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። አንዱ አበባ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሜዳ ላይ ልብሳችን ላይ የሚለጠፈው ባለ ሰማያዊ አበባው ጭጎጎት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ይሄኛው እንኳን አይለጠፍም!

የኅዳር ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠቁረው አትንቀሉት፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ለማባዛት ዘር መግዛት አያስፈልግም። ጭቃ ላይ የተኛው ግንድ በየአንጓው ሥር ያወጣል፤ ቆርጣችሁ ትከሉት።

ወደ ወንዝ የሚወርድ ቦይ ዳር ግን አትትከሉት። አመጣጡ ከአውሮፓና ከእስያ ነው፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከግቢ አምልጦ ረግረጉን ወርሯል። የቆረጣችሁትን ትርፍም ቦይ ውስጥ አትጣሉ፤ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ አስወግዱት።