ውሻችን የትል መድኃኒት ወስዶ ሆዱ ሲበላሽ ምን እናድርግ?

ሱሉልታ ነው የምኖረው። እዚህ ውሻ ለጌጥ አይያዝም። ማታ ጅብ ይዞራል፣ አጥሬ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ግቢውን የሚጠብቅልኝ ቡቺ ነው። አንድ ማታ የትል ክኒን ሰጥቼው ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ሲያስመልሰው ሰማሁ። ጠዋት ተቅማጥ ተጨመረበት። ተቅማጡ መሃል ደግሞ ነጭ፣ እንደ ፓስታ የረዘመ ነገር ይንቀሳቀሳል። ባለቤቴ አይታ «ልጁን መረዝከው!» አለችኝ።

አልመረዝኩትም። ጥፋት ግን ነበረብኝ፣ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ያ ፓስታ የመሰለው ወስፋት ነው። መድኃኒቱ ትሉን ያደነዝዘዋል ወይም ይገድለዋል፣ አንጀት ደግሞ ጠራርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ትል መውጣቱ ጥሩ ነው። ቀለል ያለ ተቅማጥ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ማስመለስ፣ ምግብ መዝጋት ከ1 እስከ 2 ቀን ሊቆይ ይችላል። የኮሶ ትል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አታዩም፤ እዚያው አንጀት ውስጥ ይሟሟል።

መጀመሪያ ውሻውን እዩት

ከንፈሩን ገለጥ አድርጉና ድዱን ተመልከቱ። ሮዝ መሆን አለበት። በጣታችሁ ስትጫኑት ይነጣል፣ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁ። ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አጥሮታል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም እናንተን የማያውቅ ከመሰለ እጃችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ። በር ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ከትል መድኃኒት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ግን በአጋጣሚ በዚያው ሳምንት ሊመጣ ይችላል።

የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ፍሬ እንደሰጣችሁና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ክኒኑን ቢተፋው እንኳ በራሳችሁ ሌላ አትድገሙለት። የእንስሳት ሐኪሙን ደውላችሁ ጠይቁ።

ውሃ በቡና ሲኒ

ያስመለሰው ውሻ ይጠማዋል። ሳህን ሙሉ ካቀረባችሁለት ጭልጥ አድርጎ ይጠጣና መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ የቡና ሲኒ ስጡት። ለትንንሽ ቡችላ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ተቅማጡ ከበዛ ኦአርኤስ መስጠት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ከፈቀደላችሁ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ እንደዚያው በትንሽ በትንሹ ነው።

ምግብ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው

የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ለጤነኛ ትልቅ ውሻ ለ12 ሰዓት ያህል ምግብ ማቆየት ችግር የለውም። ቡችላ ግን አይራብ፤ ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ በውሃ ብቻ የተቀቀለ ሩዝ ስጡት። ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ አጥንትና ቆዳ የሌለው ዶሮ። ጨው የለም፣ ዘይት የለም፣ በርበሬ የለም። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። ጾም ሆኖ ቤት ሥጋ የማይገባ ከሆነ ሩዝ ከተቀቀለ ድንች ጋር ለአንድ ቀን ያሳልፋል። ውሻው ባይጾምም ለሰሪዋ ይቀላል።

የተረፈ ፍትፍት ግን ተዉት። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። መንጠቆ ትል ደሙን ሲመጥጠው ለከረመ ውሻ ይህ በቁስል ላይ ጨው ነው።

ጎረቤቴ «ፌጦ በሎሚ በጥብጠህ አጠጣው» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ለሰው ሆድ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። ለተቆጣ የውሻ አንጀት ግን አይሆንም። ወተትም ተቅማጥ ያብሳል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ጨርሶ አይታሰቡ፤ ውሻ ይገድላሉ። ቤት የተረፈ ፍላጅልም በግምት አይሰጥም።

ሐኪም ጋ የሚያስሮጥ

ሰገራው ደም ካለበት ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ የጠጣውን ውሃ ሁሉ ከመለሰ፣ ድዱ ከነጣ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ካበጠ አትጠብቁ። ቡችላ ሆኖ ሆዱ ተነፍቶ ከጠጠረም እንዲሁ፤ የሞተ ወስፋት ተጠቅልሎ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ያልተከተበ ቡችላ ደም የቀላቀለ፣ የሚከረፋ ተቅማጥ ከያዘው ጥፋቱን መድኃኒቱ ላይ አትጣሉ። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም። ከነዚህ አንዱም ባይኖር እንኳ ተቅማጡ ትልቅ ውሻ ላይ ከ2 ቀን፣ ቡችላ ላይ ከ1 ቀን ካለፈ ውሰዱት።

ስትሄዱ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ያዙ። የሰገራውን ፎቶም በስልክ አንሱ፣ አትፈሩ፣ ሐኪሙ ለምዶታል። ባጃጅ ግን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እኔን ሦስት ባጃጆች ቡቺን አይተው ነድተው ሄደዋል።

ጥፋቴ

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ነው። «30 ይሆናል» አልኩ። ሲመዘን 21 ሆነ። እንደ ድብ ያስመሰለው ፀጉሩ ነው። ብዙ የውሻ ክኒኖች 1 ፍሬ ለ10 ኪሎ ተብለው ይሠራሉ፤ እኔ 3 ሰጥቼዋለሁ። ቡቺን ሆዱን ከማበላሸት ያለፈ አልጎዳውም፣ ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲህ ይቅር አይልም። ለላም የተሠራ አልቤንዳዞል ቆርሶ መስጠት፣ ለከብት የሚወጋ አይቨርሜክቲን በግምት መስጠት ከተማ ዳር በብዛት የሚደረግ ነው፣ አደገኛም ነው።

መመዘኑ ቀላል ነው። ትንሽ ከሆነ ታቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። ትልቅ ከሆነ ወፍጮ ቤት ውሰዱት። ባለ ወፍጮው ይስቃል፣ ግን ይመዝንላችኋል።

የወጣውን ቅበሩ

መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ሰገራውን በየዕለቱ በፌስታል አንስታችሁ በጥልቀት ቅበሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆችን ከቦታው አርቁ። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ነው ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚደርሰው፤ ቶሎ ካነሳችሁት ቀደማችሁት ማለት ነው። በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያመጣው ትል እንቁላል ግን ገና ሲወጣ ጀምሮ ሰው ይይዛል። ውሻው ይህን ትል የሚይዘው እንዲህ ያለውን ጉበት ወይም ሳንባ በልቶ ነው፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ ለውሻ መወርወር ልማድ ነው። እኛ ቤት ቀርቷል፤ ጉድጓድ ይገባል።

ሐኪሙ ለቡቺ ከ3 ሳምንት በኋላ ድገምለት አለኝ። በዚያን ጊዜ 2 ፍሬ ብቻ፣ ከሩዝና ዶሮው ጋር ሰጠሁት። ደግሞ ማታ አይደለም፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀኑን ሙሉ ቤት በምውልበት። አንድ ጊዜ ለስለስ ያለ ሰገራ ወጣው፣ ከዚያ ቆርቆሮው ሥር ሄዶ ተኛ።