የሳይድካር ሞተሬን መሪ መንቀጥቀጥ ያስተወው ነገር

ሳይድካር (ጎኑ ላይ የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ) ያለው ሞተሬ በሰዓት ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በተለይ ነዳጅ ስለቅ፣ መሪው ግራ ቀኝ እየተወራጨ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ እጄን ካነሳሁማ አለቀልኝ።

መጀመሪያ የጎማ ንፋስ አስተካከልኩ። ምንም። የፊት ጎማ ቀየርኩ፤ ብሬን ጨረስኩ እንጂ ለውጥ የለም። የመሪውን ኩሽኔታ አጠበቅኩ። መሪው ከበደ፣ ንቅጥቃጤው ግን እዚያው። መልሼ አላላሁት፤ እንዲያ አፍኖ መንዳት ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ከዚያ የዘይት ስቲሪንግ ዳምፐር ገዛሁ፤ ዘንጉ ዘይት ውስጥ እየገባና እየወጣ የመሪውን መወራጨት የሚያበርድ ዕቃ ነው። አንዱን ጫፍ ቴላዮው (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ፣ ሌላውን ሹካዎቹን ከታች በሚይዘው ብረት ላይ አሰርኩ። ንቅጥቃጤው ጠፋ! ግን መሪው ወደ ግራ ሙሉ በሙሉ አልዞር አለ። በግድ ሳዞረው ብሎኑ ተጣመመ። ሁለት ቀን የበላኝ ይሄ ነው።

የሠራው ይኸው። ዳምፐሩን ፈትቼ የፊት ጎማውን በጃክ አነሳሁ። መሪውን ሙሉ ግራ፣ ከዚያ ሙሉ ቀኝ አዙሬ በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ያለውን ርቀት ለካሁ። ልዩነቱ 14 ሳንቲ ሜትር ወጣ። የዳምፐሩ ዘንግ ግን የሚሄደው 12 ብቻ ነው። ለካ መሪውን የሚያቆመው ዳምፐሩ ነበር! ማቆም ያለበት ግን መሪው ዞሮ ሲጨርስ የሚገታው፣ ቴላዮው ላይ ያለው ማገጃ ነው።

ከ6 ሚሊ ላሜራ አዲስ ማሰሪያ አስቆረጥኩ። ከመሪው መዞሪያ መሃል 12 ሳንቲ ሜትር ርቆ የነበረውን ጫፍ ወደ 9.5 አስጠጋሁት። ልዩነቱ ወደ 11 ወረደ። መሪው ቀጥ ሲል ዘንጉ ግማሹ ላይ እንዲሆን አድርጌ አሰርኩ።

ቅዳሜ ባዶውን ነዳሁት፣ መሪው ዝም። እሁድ ልጄን አስቀምጬ ሞከርኩ፤ ያው ነው።